ወለሉን ነው የነካሁት

ውድ ልጄ፣

ይህን የምጽፍልህ ዩኒቨርሲቲው ጥገና ክፍል ውስጥ፣ የተቃጠሉ አምፖሎች በተከመሩበት ጠረጴዛ ጥግ ላይ ሆኜ ነው። የምሳ ሰዓት ስለሆነ ማንም የለም። ቀኝ ጉልበቴ አብጦ ወንበር ላይ ሰቅዬዋለሁ። ምን ሆኖ ነው ብለህ እንደማትጠይቀኝ አውቃለሁ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ እኔ የምትጠይቀው እናትህን ነው፣ ጥያቄህም «አባዬ ደህና ነው?» ከምትለዋ አታልፍም። እሷም «ደህና ነው» ትልሃለች። ደህና አይደለሁም። የሻሞላ ስፖርት ጀምሬአለሁ።

መሳቅ ትችላለህ። ያንተው ክበብ ነው፤ ያው የዩኒቨርሲቲው የስፖርት አዳራሽ፣ ያው ጠርዙ የተላጠ የጎማ ምንጣፍ፣ ያው በሩ የማይዘጋ ልብስ መቀየሪያ ክፍል። በሃምሳ አራት ዓመቴ ነጭ በነጭ ለብሼ፣ መላጣዬን በሽቦ ጭምብል ሸፍኜ፣ ልጆቼ ሊሆኑ ከሚችሉ ተማሪዎች ጋር እወጋጋለሁ። ስምም አውጥተውልኛል፤ ጋሼ ፊዩዝ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስለሆንኩ መስሎኝ ነበር። «አይ ጋሼ፣ ቶሎ ስለሚቃጠሉ ነው» አለችኝ አንዷ። የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄ ነው።

እንዴት እዚህ እንደገባሁ ለመናገር ከዚያ ቀን መጀመር አለብኝ። አንተ አልረሳኸውም፤ እኔም አልረሳሁትም። ግን በእኔ ዓይን እንዴት እንደታየ ነግሬህ አላውቅም።

የዩኒቨርሲቲዎች የፍጻሜ ውድድር ነበር። ከሥራ በቀጥታ፣ ካቻቢቴ ደረት ኪሴ ውስጥ እንደተሰካ መጣሁ። ዘግይቻለሁ። ገብቼ ስቀመጥ አሥራ አራት ለአሥራ አራት ሆናችሁ የቀራችሁ አንድ ነጥብ ብቻ ነበር። ስለ ጨዋታው የማውቀው ነገር አልነበረም፤ ሁለት ነጭ የለበሱ ሰዎች እየተጠጉ ይሸሻሉ። የገባኝ ነገር ቢኖር መብራቱ ነው። ያንተ አረንጓዴ፣ የተጋጣሚህ ቀይ። መብራት ደግሞ ሠላሳ ዓመት የኖርኩበት ሥራ ነው።

ድንገት ዝቅ ብለህ ወደ እግሩ ላክህበት፤ አረንጓዴው በራ። አዳራሹ ተነሣ። እኔም ተነሣሁ፣ ይህን ነግሬህ አላውቅም፤ አጠገቤ የተቀመጠውን የማላውቀውን ሰውዬ አቅፌ ሳምኩት። ዳኛው እጁን ወደ አንተ አነሣ። አንተ ግን ጭምብልህን አወለቅህና የሆነ ነገር ተናገርክ፤ ዳኛው እጆቹን አመሳቀለና መብራቱ ጠፋ። ያቀፍኩት ሰውዬ «ወለሉን ነው የነካሁት ብሎ ነው» አለኝ። ቀጥሎ ያ ልጅ ትከሻህን ወጋህ፣ አለቀ። ለብሔራዊ ቡድን ሊመለምል የመጣው ባለ ኮፍያ ሰው መዝገቡን ከፍቶ የእሱን ስም ጻፈ።

መኪና ማቆሚያው ጋ፣ ጓደኞችህ ፊት፣ ያልኩህን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። «ወለል መብራት ያበራል እንዴ? ዕድሜዬን ከኮረንቲ ጋር ጨርሼ ወለል ሲያበራ አላየሁም! ከቤት ርቀህ መሄዱን ፈርተህ ነው እንጂ መብራት አይዋሽም። ፈሪ!» አልኩህ። ረጅሙን ቦርሳህን በትከሻህ እንደያዝክ ፊቴን አየኸኝ፤ አንድ ቃል አልመለስክም። መልስ ቢኖረው ይመልስ ነበር ብዬ ተኛሁ። በሳምንቱ ሌላ ከተማ ሥራ አገኘሁ ብለህ ለእናትህ ነግረህ ሄድክ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ በእኔ ሁለቱም ደርሷል።

አምና የክበቡ አሰልጣኝ ነጥብ የሚቆጥረውን ሣጥን አቅፋ ጥገና ክፍል መጣች። ካንተ በኋላ የመጣች፣ በዕድሜም ካንተ የምታንስ ልጅ ናት። «ጋሼ፣ ይቺን ነገር ቢያዩልን? አንዳንዴ አልበራም ትላለች» አለችኝ። ከፈትኩት፤ አንዲት ሽቦ ከብየዳዋ ለቅቃለች። አጣበቅኩና ልሞክረው ብዬ ገመዱን ሰካሁ፣ ሻሞላውን ያዝኩ፣ ጫፉን የምጫንበት ነገር ሳጣ እግሬ ሥር ወለሉ ላይ ተጫንኩት። አረንጓዴው በራ።

አበላሽቼ የሠራሁት መሰለኝ። ዳግም ፈታሁት፣ በቴስተር ለካሁት፣ መልሼ ገጠምኩት፤ ወለሉን ስነካ አሁንም በራ። «ይሄ እኮ ሲሚንቶ ነው! ሲሚንቶ ኮረንቲ አያስተላልፍም!» ብዬ ጮኽኩ። ልጅቷ ሳቀች። «ጋሼ፣ ወለሉ ምንም አላደረገም። ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ቁልፍ ከተጫነች ትበራለች፤ እግር ይሁን ወለል ለእሷ ያው ነው። የብረት ምንጣፍ ያላቸው ክለቦች ጋ ምንጣፉ ከሣጥኑ ጋር ስለሚያያዝ ይሄ አይፈጠርም። እኛ ጋ ወለል የነካ ሰው ራሱ ይናገራል።»

«ካልተናገረስ?»

«ካልተናገረማ ነጥቡ የእሱ ነው።» ከዚያ ሣጥኗን እየሸፈነች ቀጠለች፤ «አንድ ልጅ ነበር አሉ፣ እኔ ሳልመጣ በፊት። በፍጻሜ፣ በመጨረሻዋ ነጥብ፣ ማንም ሳያይ ተናግሮ ዋንጫውን ያጣ። ለጀማሪዎች ሁሌ የምነግራቸው የእሱን ታሪክ ነው። ስሙን እንኳ አላውቀውም።»

ልጄ ነው አላልኳትም። አፍሬ ነው፤ ባንተ ግን አይደለም።

ቁልፍ ማን እንደጫነው አያውቅም። ይህን እኮ ከእኔ ሥር የሚሠራ የመጀመሪያ ሳምንት ተለማማጅ ያውቀዋል! የሳሎኑን መብራት ሌባም ቢያበራው ይበራል። ሠላሳ ዓመት ግድግዳ ላይ ማብሪያ ማጥፊያ ስተክል የኖርኩት ሰውዬ፣ በገዛ ልጄ ላይ ስፈርድ ግን ይህን ማሰብ አቃተኝ።

ይቅርታ ልልህ ስልክ አነሣሁ። አራት ጊዜ አነሣሁ፤ አራት ጊዜም ገና ሳይጠራ ዘጋሁት። ምን ብዬ ልጀምር? እንደምታውቀኝ ነኝ፤ በቃል የማልችለውን በእጅ መሞከር ይቀለኛል። የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ ክበብ ውስጥ መመዝገብ ይችላል ሲባል ሄጄ ተመዘገብኩ። ቢያንስ ስለምን እንደተሳደብኩ አውቄ ይቅርታ ልበለው አልኩ። እናትህ ነጩን ልብስ ለብሼ መስታወት ፊት ስታየኝ ሥራዋን አቆመች። «ልጅህን ለማናገር የግድ ጭምብል ማድረግ ነበረብህ?» አለችኝ። በጣም ተናደድኩባት፣ ልክ ስለሆነች።

ስማ፣ ይሄን ነገር እንዴት አራት ዓመት ቻልከው? ስድስት ሳምንት ሻሞላ አልሰጡኝም። ወደፊት መሄድ፣ ወደኋላ መሄድ። መራመድ የማያውቅ ሰው አደረጉኝ። «ጉልበትዎን አጠፍ ያድርጉ ጋሼ»፣ «ጀርባዎን ቀና ጋሼ»፣ «እግርዎን አያጋጩ ጋሼ»። ጉልበቴን ሳጥፍ ጀርባዬ ይጎብጣል፣ ጀርባዬን ሳቀና ጉልበቴ ይቆማል፤ ሁለቱን ሳስተካክል መተንፈስ እረሳለሁ። አሰልጣኟ አትቆጣም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ይመጣል» ትላለች፣ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው። እኔ ደግሞ ምኑም አልመጣልኝ። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ።

ይባስ ብሎ ሻሞላውን ስይዝ፣ ልጆቹ ይለቁልኛል! ክንዱን ወለል አድርጎ ከፍቶ ቆሞ እስክወጋው የሚጠብቅ አለ። ወግቼው ሲበራ «ጎበዝ ጋሼ!» ይለኛል፣ መጸዳጃ ቤት መሄድ እንደተማረ ሕፃን። አንዱን «ሁለተኛ ብትለቅልኝ የመኝታ ክፍልህን መብራት ቆርጬ ነው የምሄደው» አልኩት። ሳቀ። የምሬን ነበር።

ከሁሉም የምትሻለኝ ስንጥር ናት። ስንጥር የሚሏት ከቅጥነቷ የተነሣ ነው፤ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ፣ ዓይነ አፋር። የጃኬቴ ዚፕ በጀርባ በኩል ስለሆነ ሁልጊዜ የምትዘጋልኝ እሷ ናት። እሷ አትለቅልኝም። ወግታኝ ስታበቃ «ይቅርታ ጋሼ» ትላለች፣ ቀጥላ ደግሞ ትወጋኛለች። ከሁላችንም በፊት ትመጣለች፤ ምንጣፉን ትጠርጋለች፣ ግድግዳ ላይ ጓንት ሰቅላ ብቻዋን እሱን ስትወጋ ትቆያለች። ማክሰኞ ማክሰኞ ከዋናው ቡድን ጋር መለማመድ ትፈልጋለች፤ ሌላ ወሬ የላትም።

ያለፈው ቅዳሜ የጀማሪዎች ውድድር ነበር። አሥራ ሁለት ነን፤ ከአንደኛ እስከ አራተኛ የሚወጡት ወደ ማክሰኞው ቡድን ያልፋሉ። ሦስቱ ቀደም ብለው ታወቁ። ለአራተኛዋ ቦታ የቀረነው እኔና ስንጥር ሆንን። እንዴት እዚያ እንደደረስኩ አትጠይቀኝ፤ ግማሾቹ ለቀውልኛል ብዬ እጠረጥራለሁ።

እስከ አምስት ነው የሚቆጠረው። አራት ለአራት ሆንን። ጉልበቴ ይነድዳል፣ ላቡ ዓይኔ ውስጥ ገብቷል። እግር መውጋት ያንተ ዘዴ እንደነበር ስለማውቅ ለብቻዬ ስለማመደው ከርሜአለሁ፤ ዝቅ ብዬ ወደ እግሯ ላክሁባት። አረንጓዴው በራ።

ልጄ፣ እጅ ያውቃል። ጫማ ውስጥ ያለ እግር ለስለስ ይላል፤ ወለል ክንድ ድረስ ይመታል። እስከ ክርኔ ነው የተሰማኝ። ዳኛ የነበረችው አሰልጣኟ ናት፤ ካለችበት በደንብ አልታያትም። ወደ እኔ ዞራ «ጋሼ፣ እግሯን ነው?» አለችኝ።

አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

አጨበጨቡ። ስንጥር ጭምብሏን አወለቀች፣ እንደ ወጉ ጓንቷን አውልቃ ባዶ እጇን ሰጠችኝ፣ «እንኳን ደስ አለዎት ጋሼ» አለችኝ። ከዚያ ከጀርባዬ ዞራ ዚፔን ከፈተችልኝ። ቤት ስገባ እናትህ እንዴት ነበር አለችኝ፤ «አራተኛ ወጣሁ» አልኳት። እሷም ደስ አላት።

ምክንያት ስፈልግ ሰነበትኩ። ደክሞኝ ነው፣ ላቡ ነው፣ ያቺ ልጅ ወጣት ናት፣ የሚቀጥለው ዓመት አለላት። ሁሉም ውሸት ነው። መብራቱ ሲበራ ደስ አለኝ፤ ሌላ ምክንያት የለም። አንተ ሃያ ሁለት ዓመትህ ነበር፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ስምህን እየጠራ፣ ባለ ኮፍያው ሰው ብዕሩን አውጥቶ፣ ዕድሜ ልክህን የፈለግኸው ነገር አጠገብህ ደርሶ፣ ማንም ሳይጠይቅህ ተናገርክ። እኔ በሃምሳ አራት ዓመቴ፣ ለማልረባበት የማክሰኞ ልምምድ፣ ተጠይቄ ዋሸሁ። ፈሪ የሚለውን ቃል ለማን ማስቀመጥ እንደነበረብኝ ገባኝ።

ደብዳቤውን እስከዚህ ጽፌ መሳቢያ ውስጥ ከትቼው ነበር። ዛሬ ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ከልምምድ እየመጣሁ፣ ልብሴን ሳልቀይር ነው የምቀጥለው።

ጠዋት ሁሉም ሳይበተን ምንጣፉ ላይ ቆምኩ። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ጠፋኝ። «ባለፈው ቅዳሜ የመጨረሻዋ ነጥብ» አልኩ፣ «ወለሉን ነው የነካሁት። ስጠየቅ ዋሽቻለሁ። ቦታው የስንጥር ነው።»

ስንጥር ጫማዋን ታያለች። «አውቃለሁ ጋሼ» አለች።

«ምን ታውቂያለሽ?»

«ወለሉን እንደነኩ። እግሬ ሥር እኮ ነው፣ ድምፁን ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» ብዬ ጮኽኩባት፤ አየህ፣ ጥፋቱ የእኔ ሆኖ እንኳ የምጮኸው እኔው ነኝ።

«እንዴት ብዬ ጋሼ?» አለች፣ ድምፅዋ ቀጥኖ። «ትልቅ ሰው ነዎት። በሰው ፊት ዋሹ ልበልዎት? እናቴ ብትሰማ ምን ትለኛለች?»

አሰልጣኟም ገምታ ነበር። እሷም ጋሼን እንዴት አዋርዳለሁ ብላ ትታዋለች። አሥራ ሁለት ሰው ባለበት አዳራሽ ቢያንስ ሁለቱ እያወቁ፣ ሽበቴን አይተው ውሸቴን ዋጡልኝ። ከዚያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? አጨበጨቡልኝ! ለእውነተኝነቴ። አሰልጣኟ ዓይኗ እንባ አቅርሮ «ልክ ያ የምነግራችሁ ልጅ ያደረገውን» ልትል ስትጀምር «ተይ!» ብዬ አቋረጥኳት። «እሱ በሰዓቱ ነው የተናገረው። እኔ ሳምንት ቆይቼ ነው። ደግሞ ያ ልጅ ስም አለው» አልኳቸው፤ ስምህን ነገርኳቸው፣ ልጄ ነው አልኳቸው፣ መኪና ማቆሚያው ጋ ምን እንዳልኩህም ነገርኳቸው። ማንም አላጨበጨበም። ስንጥር ማክሰኞ ትጀምራለች። እኔ ተመልሼ ወደፊትና ወደኋላ መራመድ ላይ ነኝ።

እየተናደድኩ ነው የወጣሁት። መንገድ ላይ ግን የልጅቷ «እንዴት ብዬ?» አልለቅህ አለኝ፤ ጥገና ክፍል በር ላይ ቁልፍ ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ያን ቀን አንተም ታውቅ ነበር። ወለል እንደሚያበራ፣ ቁልፏ እንዴት እንደምትሠራ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ልታስረዳኝ ትችል ነበር። ጓደኞችህ ፊት አላዋቂነቴን አውጥተህ ልታስቀምጠው ትችል ነበር። አባቴ ነው ብለህ፣ በሰው ፊት እንዳላፍር ብለህ፣ ፈሪ መባሉን ይዘህ ዝም አልክ። እኔ ዝምታህን ጥፋትህን እንዳመንክ ቆጥሬው ሦስት ዓመት ኖርኩ። ያዋረድኩህ እኔ ሆኜ ሳለ ክብሬን የጠበቅህልኝ አንተ ነህ።

ይቅርታ አድርግልኝ፣ ልጄ። ዋንጫውን ስላጣህ አይደለም፤ ላጣህበት ምክንያት ፍርሃት የሚል ስም ስላወጣሁለት ነው። ፈሪ አይደለህም። ሆነህም አታውቅም።

ፖስታው ላይ ያለው የእናትህ ጽሕፈት ነው። የእኔን ካየ አይከፍተውም ብላ አስቀድማ ራሷ ጻፈችው፤ ስለዚህ ከከፈትከው በእሷ አትቀየም። አሁን አንድ ነገር ልለምንህ። ዝም ብለህ አታክብረኝ። ሰው ሁሉ በዝምታ ሲያከብረኝ እንደኖረ ዛሬ ነው ያወቅሁት፤ እስከ ዛሬ ትክክል ስለሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን በሆድህ የቀረውን ሁሉ ጻፍልኝ። አታለስልሰው፣ አባቴ ነው ብለህ አትቀንስ፤ ስድብ ካለበትም ስድቡን ጨምርበት። ተቀምጬ እስከ መጨረሻው አነበዋለሁ፤ አልጮኽም፣ አልመልስም፣ አላቋርጥህም።

አባትህ